ከብርድ ወደ ምስር፦ የካይሮ የክረምት ጉዞ እንዴት ይሰናዳ እንደነበር

በአማርኛ ክረምት ሲባል ሰኔ ግም ሲል ገብቶ እስከ መስከረም የሚዘልቀው የዝናብ፣ የጭቃና የወንዝ ሙላት ጊዜ በመሆኑ፣ አውሮፓውያን የክረምት ዕረፍት የሚሉትን ልማድ ታሪክ ለመጻፍ አስቀድሞ ቃሉን ማጥራት ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ ክረምት የሚባለው የአውሮፓው፣ ይኸውም ከኅዳር እስከ መጋቢት የሚቆየው፣ በኢትዮጵያ በጋ የሆነው፣ ለንደንና ፓሪስ ግን በብርድ፣ በጉምና በከሰል ጢስ የሚታፈኑበት ወቅት ነው፤ ዓመቶቹም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው። በ19ኛው መቶ ዓመት ከዚህ ብርድ ለመሸሽ አቅም የነበራቸው እንግሊዛውያን፣ ፈረንሳውያን፣ ጀርመኖችና አሜሪካውያን ከመረጧቸው ታላላቅ ከተሞች አንዷ ካይሮ ነበረች። ግብፃውያን አገራቸውንም ርእሰ ከተማቸውንም በአንድ ስም ምስር ይሏቸዋል፤ የከተማዪቱ አማካይ ሙቀት በጥር ወር 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ ዓመቱን ሙሉ የሚወርድባት ዝናብ ተጠራቅሞ ቢለካ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ወደዚህች ከተማ የሚደረገው ጉዞ በመቶ ዓመት ውስጥ ከወራት ወደ ሳምንታት፣ ከሳምንታትም ወደ ቀናት አጥሯል። ለዚህ ማጠር የመርከብና የባቡር ፍጥነት ትልቅ ድርሻ ቢኖረውም፣ ከዚያ የማያንስ ምክንያት የሆነው የጉዞው ዝግጅት ከመንገደኛው እጅ ወጥቶ በሌሎች እጅ መግባቱ ነው።

የመጀመሪያውን የጉዞ ሰሌዳ ያወጣው ወንዙ ራሱ ነበር። ወደ ግብፅ ከሚደርሰው የናይል ውኃ አብዛኛው፣ በተለመደው ግምት ከመቶ 85 ያህሉ፣ በዓባይ፣ በተከዜና በባሮ በኩል ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ በመሆኑ፣ በጎጃምና በጎንደር ሐምሌና ነሐሴ ላይ የዘነበው ዝናብ ካይሮን ያጥለቀልቅ የነበረው በመስከረምና በጥቅምት ነው። ሙላቱ መጉደል ሲጀምር አየሩ ይቀዘቅዝ፣ ማሳው አረንጓዴ ይለብስ ነበር፣ ከሜዲትራንያን ባሕር በኩል የሚነሣው የሰሜን ነፋስም ሸራ ያለውን ጀልባ ከወራጁ ውኃ ተቃራኒ ወደ ላይኛው ግብፅ ይገፋ ነበር፤ ሲመለሱ ደግሞ ሸራው ታጥፎ ውኃው ራሱ ያወርደው ነበር። ነገር ግን ውኃው ከወር ወደ ወር እየጎደለ ሲሄድ የአሸዋ ደለል ከሥሩ እየወጣ ጀልባዎችን ስለሚይዝ፣ በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር ካይሮ ደርሶ ጀልባ ያልያዘ መንገደኛ የወቅቱን መልካም ክፍል አሳልፏል ማለት ነበር። ስለዚህ በለንደን የተቀመጠ ሰው የክረምት ዕረፍቱን ቀን ሲቆርጥ፣ ሳያውቀው የሚቆርጠው በኢትዮጵያ ዝናብ አቆጣጠር ነበር።

ጀልባው ዳሀቢያ ይባላል። ቃሉ በዓረብኛ ወርቅን ከሚያመለክተው ስም የወጣ ሲሆን፣ የሚያመለክተውም ከኋላው በኩል የመኝታ ክፍሎችና መቀመጫ አዳራሽ ያሉበትን፣ ከፊቱ ደግሞ መርከበኞች የሚቀዝፉበትንና ምግብ የሚበስልበትን ረጅም የሸራ ጀልባ ነው። አዛዡ ራይስ ይባላል፤ ይህም በአማርኛ ራስ ከሚለው ቃልና ማዕረግ ጋር አንድ ሥር ያለው ነው። ከራይሱ በላይ ለመንገደኛው የሚያስፈልገው ሰው ግን ድራጎማን ነበር፤ ስሙ ከዓረብኛው ቱርጁማን የመጣና ከአማርኛው ተርጓሚ ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ ሥራው ግን ከመተርጎም እጅግ የሰፋ ነበር። ድራጎማኑ ጀልባ ይከራያል፣ ምግብ አብሳይ ይቀጥራል፣ ስንቅ ይሸምታል፣ አህያና ግመል ያዘጋጃል፣ ከመንደር ሹሞች ጋር ይነጋገራል፣ ለዚህም ሁሉ ብዙውን ጊዜ በቀን የተቆረጠ ዋጋ ይቀበላል። ውሉ በጽሑፍ ሰፍሮ በመንገደኛው አገር ቆንስላ ፊት ይፈረም ነበር። በግብፅ ምድር የሚደረገው ስምምነት በባዕድ ሹም ፊት መታሰሩ፣ ክርክር ቢነሣ ሚዛኑ ወዴት ሊያደላ እንደሚችል አስቀድሞ የሚናገር ነገር ነው።

በዚያ ዘመን አንድ ቤተሰብ ለክረምት ወደ ካይሮ ለመሄድ ሲያስብ ቤት የሚለቅ ያህል ይዘጋጅ ነበር። ግብፅን ለብዙ ዓመታት ያጠናው እንግሊዛዊው ጆን ጋርድነር ዊልኪንሰን ጽፎት በ1847 በመሬይ ማተሚያ ቤት የወጣው የመንገደኛ መመሪያ፣ ከአገር ቤት ሊመጣ የሚገባውንና እዚያው ግብፅ የሚገዛውን ዕቃ እየለየ የሚዘረዝር ሲሆን፣ አልጋው፣ የትንኝ መከላከያው፣ መድኃኒቱ፣ ሻዩ ሁሉ በዝርዝሩ ውስጥ ቦታ ነበረው። ከምክሮቹ ሁሉ ይልቅ የዘመኑን ዝግጅት ክብደት የሚያሳየው፣ ጀልባው ከመጫኑ በፊት ለአይጥና ለተባይ ማጥፊያ ወንዙ ውስጥ ይዘፈቅ የሚለው ነው፤ ጀልባው ሰጥሞ ከቆየ በኋላ ይወጣል፣ ይደርቃል፣ ቀለም ይቀባል፣ ከዚያም መንገደኛው የራሱን ሰንደቅ ይሰቅልበታል። ካይሮ እነዚህ ሰዎች የሚገዙባት፣ የሚዋዋሉባትና የሚጠባበቁባት ከተማ በመሆኗ፣ ሳይፈልጉም ቢሆን ሳምንታት ይቆዩባትና ገበያዋን፣ ነጋዴዎቿንና የቡላቅን የጀልባ ወደብ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ወደ ኢየሩሳሌም የሚሻገሩት ኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ለብዙ መቶ ዓመታት በዚህችው ከተማ ሲያልፉ፣ ዝግጅታቸው ከዚህ ፍጹም የተለየ ነበር፤ ሐረት ዙወይላ በተባለው ሠፈር በሚገኘው የቅብጦች ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ማረፊያ ስለነበራቸው፣ ስንቃቸው ባብዛኛው የእምነት ወገኖቻቸው እንግዳ ተቀባይነት ነበር።

ከመንገደኞቹ ብዙዎቹ የሚመጡት ለጤና ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ባልነበረው ዘመን ሐኪሞች ለሕሙማን የሚያዙት ደረቅና ለስላሳ አየር ስለነበር፣ ግብፅ የዕረፍት አገር ብቻ ሳትሆን የተስፋ አገርም ነበረች። ሉሲ ደፍ ጎርደን የተባለችው እንግሊዛዊት በዚሁ በሽታ ምክንያት በ1862 ወደ ግብፅ ሄዳ ሉክሶር ውስጥ ከሕዝቡ ጋር ኖረች፤ ከዚያ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች በ1865 ታትመው በግብፅ ገዥ መንግሥት የተጫነባቸውን ግብርና የግዳጅ ሥራ የቀመሱ ገበሬዎችን ኑሮ በርኅራኄ ስላሳዩ፣ ከዘመኑ የመንገደኛ ጽሑፎች መካከል ላቅ ያለ ቦታ ሊሰጣቸው ይገባል። በ1869 ካይሮ ውስጥ አረፈች። በኋላ በነርስነት ሥራዋ ስሟ የገነነው ፍሎረንስ ናይቲንጌልም የ1849ንና የ1850ን ክረምት ያሳለፈችው በናይል ላይ ነበር። ለእነዚህ ሰዎች አጭር ዕረፍት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሦስት ወርም አጭር ነበር።

አሚሊያ ኤድዋርድስ መንገደኛው ራሱ በሚያሰናዳበትና ሌሎች በሚያሰናዱለት በሁለቱ ዘመናት መገናኛ ላይ የቆመች ሴት ናት። ይህች እንግሊዛዊት ደራሲ በ1873 መኸር ፈረንሳይ ውስጥ ዝናብ ስለበረታባት ያለ ምንም ዕቅድ ወደ ግብፅ ሸሽታ በኅዳር ካይሮ ገባች፤ ሆኖም ያላቀደችው ሁሉ እዚያ ጠበቃት፣ ቡላቅ ወደብ ላይ ጀልባ ከጀልባ እያማረጠች ብዙ ቀናት ከደከመች በኋላ ነው ፊሌ የተባለውን ዳሀቢያ ይዛ የተነሣችው። ከዚያ ጉዞ የተወለደው መጽሐፏ በ1877 ታተመ፤ ባየችው የጥንታዊ ቅርስ መጥፋት ስላዘነች በ1882 የግብፅን ቅርስ ለማጥናትና ለመጠበቅ የሚሠራ ማኅበር በመመሥረት ተካፈለች። እርሷ ካይሮ ስትደርስ ባረፈችበት ሆቴል ሁለት ዓይነት እንግዳ ተቀምጦ አግኝታለች፤ አንደኛው እንደ እርሷ ራሱ የሚያሰናዳ፣ ሌላው ደግሞ ሁሉ ነገር የተሰናዳለት፣ የጉዞ አሰናጁ የቶማስ ኩክ ደንበኛ ነበር።

ይህ ሁለተኛው እንግዳ እንዲመጣ ግን አስቀድሞ ከተማዋ ራሷ መለወጥ ነበረባት፤ የለወጣትም ኬዲቭ እስማኤል ነው። ኬዲቭ ማለት በስም ለኦስማን ሱልጣን እየተገዛ በተግባር ግን ግብፅን ራሱ የሚገዛው መስፍን ማዕረግ ሲሆን፣ እስማኤል በ1867 ፓሪስን ጎብኝቶ ከተመለሰ በኋላ ከአሮጌዋ ካይሮ በስተምዕራብ ሰፋፊ ጎዳናዎችና አደባባዮች ያሏት አዲስ ከተማ እንድትነሣ አዘዘ። የስዊዝ ቦይ በኅዳር 1869 ሲከፈት ለሚመጡት ነገሥታትና መሳፍንት ሲባል የኡዝበኪያ ኩሬ የነበረበት ስፍራ በፓሪስ ዘዴ መናፈሻ ሆነ፣ ለፈረንሳይ እቴጌ ኤውጄኒ በገዚራ ደሴት ቤተ መንግሥት ተሠራ፣ እስከ ፒራሚዶቹ ድረስ የሠረገላ መንገድ ተዘረጋ፣ ኦፔራ ቤቱም ባብዛኛው በእንጨት በጥቂት ወራት ተገንብቶ ቆመ። በኋላ የመጡት የክረምት እንግዶች የተመላለሱበት መንገድ፣ የተዝናኑበት መናፈሻና ያደሩበት ቤተ መንግሥት ለአንድ ድግስ ሲባል በብድር ገንዘብ የተሠራ ነበር።

በዚህ ኦፔራ ቤት በታኅሣሥ 24 ቀን 1871 ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው የኢጣሊያዊው የሙዚቃ ደራሲ የቬርዲ ሥራ አይዳ ነው፤ ልብሱና መድረኩ ፓሪስ ውስጥ ተሠርቶ ሳለ ከተማዋ በፕሩሲያ ጦር በመከበቧ ምክንያት ከታሰበው ጊዜ አንድ ዓመት ያህል ዘግይቶ ነበር የደረሰው። የድርሰቱ ዋና ሴት አይዳ በግብፅ የተማረከች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ተራ የመድረክ ጨዋታ ሆኖ ሊያልፍ አይችልም። ከአራት ዓመት በኋላ እስማኤል እውነተኛ ጦር ወደ ኢትዮጵያ ሰደደ፤ ያ ጦር በኅዳር 1875 በጉንደት፣ በመጋቢት 1876 ደግሞ በጉራ በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ሠራዊት ተደመሰሰ። ጉንደት በሆነበት በዚያው ወር እስማኤል በስዊዝ ቦይ የነበረውን አክሲዮን ለእንግሊዝ መንግሥት በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሸጠ፤ በ1876 የግብፅ ዕዳ ከ90 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ደርሶ ግምጃ ቤቷ በአበዳሪዎች ቁጥጥር ሥር ገባ፣ በ1879 እርሱ ከሥልጣን ተነሣ፣ በ1882 የእንግሊዝ ጦር አገሪቱን ያዘ። የካይሮን የክረምት ወቅት ታሪክ ከዚህ የዕዳና የወረራ ታሪክ ለይቶ መጻፍ ልማድ ቢሆንም ትክክል አይደለም፤ ሆቴሎቹ የሞሉት፣ ክፍያው በእንግሊዝ ገንዘብ የቀለለው፣ መንገደኛውም ያለ ሥጋት የተዘዋወረው በዚህ ምክንያት ጭምር ነውና።

ቶማስ ኩክ በዚህ ሁሉ መካከል የገባ ሰው ነው። ይህ የመጠጥ ልማድን በመቃወም የሚሰብክ እንግሊዛዊ በ1841 ወደ 500 የሚሆኑ ሰዎችን በአንድ ሽልንግ ዋጋ ከሌስተር ወደ ላፍቦሮ በባቡር ወስዶ ሥራውን ጀመረ፤ በ1869 የመጀመሪያዎቹን ደንበኞቹን ወደ ናይልና ወደ ቅድስት አገር መራ። እውነተኛው ለውጥ ግን ከመምራቱ ይልቅ ከወረቀቶቹ የመጣ ነው። በ1868 ያወጣው የሆቴል ኩፖን ማለት መንገደኛው አገሩ ሳለ ከፍሎ የሚይዘው፣ ሩቅ አገር ባለ ሆቴል ሲያቀርበው ግን መኝታና ምግብ የሚያስገኝለት ቁራጭ ወረቀት ሲሆን፣ በ1874 የተጨመረው የመንገደኛ የገንዘብ ሰነድ ደግሞ በየደረሰበት ወደ አገሩ ገንዘብ የሚመነዘር ነበር። በዚህ አሠራር የጉዞው ወጪ፣ ርዝመትና መመለሻ ቀን ሁሉ ከቤት ሳይወጡ የሚታወቅ ሆነ፤ ቀኑ የታወቀ ዕረፍት ደግሞ ከሥራው ጥቂት ሳምንት ብቻ ፈቃድ ሊያገኝ ለሚችል ጠበቃ፣ ሐኪም ወይም ባለ ሱቅ የሚቻል ዕረፍት ነው። በ1870 የኩክ ድርጅት በኬዲቩ የእንፋሎት መርከቦች መንገደኛ የማጓጓዝ ውክልና አገኘ፤ ልጁ ጆን ሜሰን ኩክ ያስፋፋው ይህ ሥራ ከካይሮ እስከ አስዋን ደርሶ መልሱን በ20 ቀን የሚያጠናቅቅ ሰሌዳ ወለደ፣ ዳሀቢያ ግን ለተመሳሳይ መንገድ ወራት ይፈጅ ነበር። የእንፋሎት መርከብ የሰሜን ነፋስን አይጠብቅም። በ1884 ካርቱም ላይ የተከበበውን እንግሊዛዊ ጀኔራል ጎርደንን ለማዳን የእንግሊዝ መንግሥት ወደ 18,000 የሚሆን ጦር ሲልክ በናይል ላይ ያጓጓዘው ይኸው ድርጅት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የራሱን መርከቦች አሠርቶ ወንዙን ባለ ሰሌዳ ጎዳና አደረገው።

ማረፊያው ብዙውን ጊዜ ሼፐርድ ነበር። ሳሙኤል ሼፐርድ የተባለ እንግሊዛዊ በ1841 የጀመረው ይህ ሆቴል በመጀመሪያ የሚኖረው ከእስክንድርያ በካይሮ አድርገው ወደ ስዊዝ በሚሻገሩና ወደ ህንድ በሚጓዙ መኮንኖችና ነጋዴዎች ነበር፤ የእስክንድርያና የካይሮ ባቡር በ1856 ሲጠናቀቅም ተላላፊው በዛ። ቦዩ ሲከፈት ግን ወደ ህንድ የሚሄደው መርከብ በቀጥታ ማለፍ በመቻሉ፣ ሆቴሎቹ ካይሮን ለራሷ ብሎ የሚመጣ እንግዳ ያስፈልጋቸው ጀመር፤ የክረምት ዕረፍት የሚባለው ነገር በዚህ ጊዜ መስፋፋቱ አጋጣሚ አይመስልም። የሆቴሉ ሰፊ ሰገነት ጎዳናውን ከላይ ሆኖ ለማየት የተመቸ በመሆኑ፣ ካይሮ ለብዙዎች ከወንበር ላይ የምትታይ ከተማ ሆነች።

ቀኑን ደግሞ መጽሐፍ ከፋፈለው። ጀርመናዊው የቤዴከር ድርጅት በ1877 ስለ ታችኛው ግብፅ ያወጣውና በማግሥቱ ዓመት በእንግሊዝኛ የታተመው መመሪያ፣ መታየት ያለበትን ሁሉ በኮከብ ምልክት እያበላለጠ፣ ከተማዋንም ሊታዩ ወደሚገባቸው ስፍራዎች ቀን በቀን እየከፈለ ያቀርብ ነበር። ይህ ለመንገደኛው ትልቅ ውለታ ነው፤ ጊዜው አጭር የሆነ ሰው የሱልጣን ሐሰንን መስጊድ፣ ግንቡን፣ የቅብጦችን ሠፈርና ፒራሚዶቹን ሳያመልጡት ለማየት በእርግጥ ይረዳዋል። ነገር ግን ኮከብ ያልተሰጠው ሠፈር ከዚያ በኋላ ለባዕድ ዓይን እንደሌለ ሆኖ ቀረ፤ ዊልኪንሰን ምን እንደሚገዛ ያስተማረው መንገደኛ ከሻጮቹ ጋር መነጋገር ግድ ይለው የነበረ ሲሆን፣ ቤዴከር የያዘው ግን ከሆቴሉ ወጥቶ ወደ ሆቴሉ ሳይነጋገር መመለስ ይችል ነበር።

ከዚህ ለውጥ በጣም የተጎዳው ድራጎማኑ ይመስላል። ብዙ ቋንቋ የሚናገር፣ የውል ባለቤት የሆነና በራሱ ስም የሚታወቅ ባለሙያ የነበረው ሰው፣ የድርጅት ሰሌዳ ሲመጣ በሰዓት የሚታዘዝ አስጎብኚ ወደ መሆን ወረደ። የመንገደኛ መጻሕፍቱም ስለ እርሱ የሚያወሩት አብዛኛውን ጊዜ በጥርጣሬ፣ እንዳያታልል ተጠንቀቁ እያሉ ነው፤ በቀዛፊዎቹ ጉልበት፣ በአህያ ነጂ ልጆች ሩጫና በድራጎማኑ ብልሃት ያልተገፋ አንድም የክረምት ጉዞ እንዳልነበረ ሲታሰብ፣ ይህ አጻጻፍ ግፍ እንዳለበት መናገር ያስፈልጋል።

ከ1890ዎቹ በኋላ ሁሉ ነገር እየፈጠነ ሄደ። ለኤውጄኒ የተሠራው የገዚራ ቤተ መንግሥት በ1894 ሆቴል ሆነ፣ ባቡር በ1898 ሉክሶር ገባ፣ በ1900 ከካይሮ እስከ ፒራሚዶቹ ሥር ትራም ተዘረጋ፤ ቀን ሙሉ ይፈጅ የነበረው ጉብኝት ከምሳ በፊት የሚያልቅ ሆነ። በመኪና አደጋ የተጎዳው የካርናርቮን ባላባት በ1903 ለጤናው ሲል ክረምትን በግብፅ ማሳለፍ ጀምሮ ቆይቶ ወደ ቁፋሮ አዘነበለ፤ በኅዳር 1922 በእርሱ ወጪ የሚሠራው ሃዋርድ ካርተር የፈርዖኑን የቱታንካሙንን መቃብር ሲያገኝ፣ የዚያ ክረምት መንገደኛ ወደ ሉክሶር ጎረፈ፣ ባላባቱ ራሱም በሚያዝያ 1923 ካይሮ ውስጥ ሞተ። በ1931 ከለንደን በካይሮ አድርጎ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የሚበር የአየር መንገድ ተከፈተ፤ ምንም እንኳ ከመንገዱ ከፊሉ ገና በባቡር የሚሸፈን ቢሆንም።

በጥር 26 ቀን 1952፣ የእንግሊዝ ጦር ባለፈው ቀን በእስማኤልያ የግብፅ ፖሊሶችን በመግደሉ የተቆጣ ሕዝብ በካይሮ የባዕዳን መገልገያ የነበሩትን ሕንፃዎች ሲያቃጥል ሼፐርድ ሆቴልም ከነሰገነቱ ነደደ። በስሙ የተሠራው አዲሱ ሆቴል በ1957 የተከፈተው በሌላ ስፍራ፣ በወንዙ ዳር ነው። የእስማኤል የእንጨት ኦፔራ ቤት ደግሞ በ1971 ተቃጠለ።

በ1970 የተጠናቀቀው የአስዋን ታላቁ ግድብ ሲሠራ፣ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው የዝናብ ወቅት ውኃ ካይሮ ሳይደርስ ከግድቡ ኋላ ባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ መጠራቀም ጀመረ፤ የመስከረሙ ሙላትም፣ የጥር ወሩ መጉደልም ከከተማዋ ጠፋ። አውሮፓዊው መንገደኛ አሁንም ካይሮን የሚመርጠው ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ነው፤ ከአውሮፕላን ወርዶ ለአራት ወይም ለአምስት ቀን በሚቆይበት ሆቴል መስኮት ሲመለከት ግን፣ የዊልኪንሰን አንባቢዎች ቀን እየቆጠሩ ይጠብቁት የነበረውን ወንዝ በየትኛውም ወር ቢመጣ ብዙም በማይለያይ ከፍታ ያገኘዋል።